ትርታው የሚናገረው ሐዘን

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



እስቲ ለአፍታ አንድ ቤት በሐሳብዎ ይጎብኙ። የቤቱ አባወራ ትላንት በእግራቸው ወደ መስጂድ ሲመላለሱ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ሊነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸው ተያዘ፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ "ስትሮክ ነው" ተባለ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳቸው ተረፈች። ዘመድ አዝማዱና ጎረቤቱ እየመጣ ጠየቃቸው፤ ዱዓም ተደረገላቸው። ከወር ከሁለት ወር በኋላ እጃቸው ጥቂት ጥቂት መንቀሳቀስ ሲጀምር ቤተሰቡ "ዳኑልን" ብሎ ተደሰተ። እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምግብ ቀነሱ፤ እንቅልፍ አጡ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ እንኳ ፈገግ አይሉም። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንባቸው ይመጣል።

በዚህ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ይጀመራል። አንዱ "ኢማናቸው ደከመ" ይላል። ሌላው "የጂን ሥራ ነው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ሰብር ያድርጉ እንጂ! ከእርስዎ የባሰ ስንት አለ!" ብሎ ይገስጻቸዋል። ሁሉም በፍቅር የሚናገሩት ነው። ነገር ግን ሦስቱም ተሳስተው ቢሆንስ? የእኚህ አባት ዝምታ የኢማን ማነስ ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ ሊታከም የሚችል ሕመም ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ኋላ ተመልሰን የቀደሙት ጠቢባን ስለ ልብ፣ ስለ ደም ሥር ትርታና ስለ ሐዘን ምን ያውቁ እንደነበር እንመለከታለን፤ ከዚያም ወደ ዘመናችን ሕክምና እንሻገራለን። ዓመቶቹ የሒጅራ ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ከሮም እስከ ባግዳድ

በአማርኛችን "ልቤ አዘነ"፣ "ልቡ ተሰበረ"፣ "ቀልቡን ሳተ" እንላለን። "ቀልብ" የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ እኛ የመጣ ሲሆን በዐረብኛ ሥሩ መገላበጥን፣ መለዋወጥንም ያመለክታል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ሐዘንን ከልብ ጋር ማያያዙ እንዲያው የአነጋገር ልማድ ብቻ አይደለም። ሐኪሞችም ይህንኑ በጣታቸው ሲመረምሩት ኖረዋል።

በ2ኛው ምዕተ ዓመት በሮም ከተማ የሠራው ጋሌን፣ ዐረቦች "ጃሊኑስ" የሚሉት ሐኪም፣ እንቅልፍ ያጣች አንዲት ሴት እንዲያይ ተጠርቶ ነበር። ትኩሳት የላትም፤ የምትናገረውም ነገር የለም። እርሱ አጠገቧ እያለ አንድ ሰው ገብቶ ፒላዴስ የተባለ ዘፋኝ ሲጨፍር ማየቱን ተናገረ። ጋሌን የሴቲቱ ፊት ሲለዋወጥ ስላየ እጁን የደም ሥሯ ላይ ቢያደርግ ትርታዋ ሥርዐቱን ስቶ አገኘው። በሌሎቹ ቀናት የሌሎች ዘፋኞች ስም እንዲነሳ አደረገ፤ ትርታዋ አልተለወጠም። የፒላዴስ ስም እንደገና ሲነሳ ግን እንደገና ተረበሸ። ሕመሟ በሥጋዋ ሳይሆን በስሜቷ ውስጥ እንደነበር በዚህ አወቀ።

ይህ እውቀት ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን ነው። በ9ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ ይሠራ የነበረው የሒራው ተወላጅ ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ የጋሌንን መጻሕፍት፣ ስለ ትርታ የተጻፉትን ጭምር፣ ወደ ሱርያንኛና ወደ ዐረብኛ መለሰ። ሑነይን ክርስቲያን ነበር። ሙስሊሞቹ ከየትም ቢመጣ ጠቃሚውን እውቀት ከመቀበል አልታቀቡም ነበርና።

የበስራው በሽተኛ

በዚያው ዘመን በበስራ ከተማ የኖረው ታላቁ ጸሐፊ አል-ጃሒዝ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ዐረቦች "ፋሊጅ" በሚሉት፣ ግማሽ አካልን ሽባ በሚያደርገው ሕመም ተይዞ ነበር። አል-ጃሒዝ አያቱ ጥቁር ግመል ነጂ እንደነበሩ የሚነገርለት፣ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ክብርም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። የሰዋስው ሊቁ አል-ሙበረድ ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ሁኔታውን እንደነገረው ተዘግቧል። ይኸውም አንዱ ጎኑ ቢቆረጥ እንኳ የማይሰማው ሲሆን፣ ሌላው ጎኑ ደግሞ ዝንብ ሲያርፍበት የሚያመው ነበር። ሕይወቱ ያለፈው በ255 ዓመተ ሒጅራ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ በብዕሩ የታወቀ ሰው አካሉ ለሁለት ተከፍሎ መኖር ምን ማለት እንደሆነ በራሱ አንደበት መናገሩን ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ልናውቅ የቻልነው አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ "እንዴት ነህ?" ብሎ ስለጠየቀውና መልሱን በትዕግሥት ስላዳመጠው ነው። የታመመን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። በር ላይ ቆሞ "አላህ ያሽርዎት" ብሎ መመለስ ብቻ አይደለም።

ሁለቱ ሐዘኖች

ከአል-ጃሒዝ በኋላ በመጣው ትውልድ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ በምትገኘው በበልኽ አካባቢ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባለ ዓሊም ተነሳ። የሞተው በ934 ነው። "መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ" የተሰኘው መጽሐፉ ትርጉሙ "የአካላትና የነፍሶች ደኅንነት" እንደ ማለት ሲሆን አንዱ ክፍሉ ስለ ሥጋ፣ ሌላው ክፍሉ ስለ ነፍስ ጤና የሚናገር ነው። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች ስለ ሥጋ ብቻ እየጻፉ ነፍስን መዘንጋታቸው ይህን እንዲጽፍ አነሳሳው። ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተሠራ ስለሆነ ሥጋ ሲታመም ነፍስ ትረበሻለች፤ ነፍስ ስትታመምም ሥጋ ደስታውን ያጣል የሚል ነው መሠረተ ሐሳቡ።

አል-በልኺ ሐዘንን ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ምክንያቱ የታወቀ ሐዘን ነው፤ ልጅ ሲሞት፣ ንብረት ሲጠፋ የሚመጣው። ሁለተኛው ግን በሽተኛው ራሱ ምክንያቱን የማያውቀው ሐዘን ነው፤ ደስ ሊያሰኘው የሚገባው ሁሉ እያለ ደስታ የሚርቀው። የዚህ መነሻ በሥጋ ውስጥ፣ በደም ሁኔታ ውስጥ እንደሆነ ጻፈ። ስለዚህም ሕክምናው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ሥጋን በመድኃኒት፣ ነፍስን በመልካም ቃልና በሚያጽናና ጨዋታ።

ያስተውሉ! ከሺህ ዓመት በፊት አንድ የሙስሊም ዓሊም "ሰውየው ያዘነው ኢማኑ ስለደከመ ነው" ብሎ አላለፈም። "ከሥጋው ውስጥ የሚመጣ ሐዘን አለ" ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ በኢስታንቡል በአያ ሶፊያ ስብስብ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ በ1984 በፍራንክፈርት በፎቶ ግልባጭ ታተመ። የነፍስ ክፍሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ2013 ያሳተሙት ደግሞ ጎረቤታችን ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ ናቸው። አላህ ይዘንላቸው።

በዚያው ዘመን አካባቢ በቱኒዚያዋ ቀይረዋን ይሠራ የነበረው ኢስሓቅ ኢብን ዒምራን ደግሞ "መሊኹሊያ" ስለሚባለው የከባድ ሐዘን ሕመም ራሱን የቻለ ድርሳን ጻፈ። ከምክንያቶቹ መካከል የሚወዱትን ሰው ማጣትን፣ ለዓሊም ደግሞ መጻሕፍቱን ማጣትን ቆጥሯል። ስትሮክ የመታው ሰው ያጣው ምን እንደሆነ እስቲ ያስቡት፤ እጁን፣ እግሩን፣ ምላሱን፣ በቤቱ የነበረውን ቦታ። ይህ ከመጻሕፍት ማጣት ያንሳልን?

የኢብን ሲና ጣት

ኢብን ሲና (980–1037) "አል-ቃኑን" በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ትርታ በዐሥር መለኪያዎች እንደሚመረመር ዘርዝሯል፤ ስፋቱን፣ ጥንካሬውን፣ ፍጥነቱን፣ በምትና በምት መካከል ያለውን ዕረፍት፣ ወጥነቱንና ሥርዐቱን እያለ። ስለ ልብ መድኃኒቶች በጻፈው ሌላ ድርሳኑም ደስታና ሐዘን ከልብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መርምሯል።

ኒዛሚ ዐሩዲ የተባለ የ12ኛው ምዕተ ዓመት ፋርሳዊ ጸሐፊ የተረከው ታሪክ አለ። በጁርጃን ከተማ የገዢው የቃቡስ ዘመድ የሆነ አንድ ወጣት ታሞ ሐኪሞች ሁሉ መላ አጡለት። ኢብን ሲና ተጠርቶ ጣቱን በወጣቱ ደም ሥር ላይ አድርጎ የከተማዋን ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው እንዲመጣለት ጠየቀ። ሰውየው የሰፈሮቹን ስም ሲጠራ በአንደኛው ላይ ትርታው ዘለለ። የዚያ ሰፈር መንገዶች፣ ከዚያም ቤቶች፣ ከዚያም በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ስም ተጠራ። በመጨረሻ የአንዲት ልጃገረድ ስም ሲጠራ ትርታው እንደገና ተረበሸ። "ይህ ወጣት የታመመው በፍቅር ነው፤ መድኃኒቱም ጋብቻ ነው" አለ ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ትረካ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ኢብን ሲና ራሱ በተወው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ቃቡስ እርሱ ከመድረሱ በፊት ተይዞ በእስር መሞቱን ይናገራል። ይሁንና ስም እየጠሩ ትርታን የመመርመሩን ዘዴ በ"ቃኑን" ውስጥ ራሱ ጽፎታል፤ መሞከሩንም ገልጿል። ትረካው ቢጋነንም መሠረቱ እውነት ነው።

በዚያው "ቃኑን" ውስጥ መሊኹሊያ፣ "ሰክታ" የሚባለው ድንገተኛ የአንጎል ምትና ፋሊጅ በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠዋል። ትርታ፣ ሐዘንና የአካል መሸነፍ ሦስቱም በአንድ ሐኪም እጅ ነበሩ ማለት ነው። ሦስቱን በቁጥር መዝኖ ማገናኘት ግን ለዘመናችን የቀረ ሥራ ሆነ።

እነዚህ ሰዎች በሁሉም ነገር ትክክል ነበሩ ብለን ራሳችንን አናሞኝ። ሕመም ከአራት ፈሳሾች መዛባት ይመጣል የሚለው እምነታቸው ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ከእነርሱም መካከል የቀደመውን የሚያርሙ ነበሩ። የደማስቆው ተወላጅ ኢብኑ አን-ነፊስ ኢብን ሲናን እያከበረ፣ ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራ የሚያልፈው በመካከላቸው ባለ ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል መሆኑን በ1242 ጻፈ። በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን በካይሮ ሱልጣን ቀላውን በ1284 ላሠራው የመንሱሪ ሆስፒታል አወረሰ። እነዚህ ሆስፒታሎች በወቅፍ የሚተዳደሩ ሲሆኑ ለአእምሮ ሕሙማንም ቦታ ነበራቸው። ቱርክ ውስጥ በኤዲርኔ በ1488 በተሠራው የሱልጣን ባየዚድ ሆስፒታል ሕሙማን በውኃ ድምፅና በዜማ ይረጋጉ እንደነበር ተጓዡ ኤቭሊያ ቸለቢ ጽፏል። አባቶቻችን ያዘነ በሽተኛ ይገሰጽ አላሉም፤ ቤት ሠሩለት።

ከጣት ወደ መሣሪያ

በ1658 ዮሐን ቬፕፈር የተባለ የስዊስ ሐኪም ድንገት ወድቀው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ በውስጡ ደም ፈስሶ አገኘ። በ1847 ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ የደም ግፊትን በወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ ሠርቶ፣ ትርታ አየር ስናስገባ እንደሚፈጥን፣ ስናስወጣ እንደሚዘገይ አሳየ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን መሣሪያ ሠራ፤ በ1924ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚህ ሁሉ አንድ አስገራሚ ነገር ታወቀ። ጤናማ ልብ እንደ ሰዓት በእኩል ልዩነት አይመታም። በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ በጥቂቱ ይለዋወጣል። ጤነኛ ልብ ዳገቱንና ሜዳውን ለይታ እርምጃዋን እንደምታስተካክል በቅሎ ነው። ድካም የያዛት በቅሎ ግን በዳገቱም በሜዳውም በአንድ ዓይነት እርምጃ ትሄዳለች። ይህን መለዋወጥ የሚቆጣጠረው አንጎል ነው። በተለይም ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ወርዶ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ዋና ድርሻ አለው። በ1987 በወጣ ጥናት፣ የልብ ድካም ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ይህ መለዋወጥ የቀነሰባቸው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል።

እንግዲህ አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። ስትሮክ የሚጎዳው አንጎልን ነው። አንጎል ደግሞ የስሜትም፣ የልብ ትርታም ማዘዣ ነው። ጉዳቱ ሁለቱን በሚያስተዳድሩት ክፍሎች ላይ ሲያርፍ ሰውየው በአንድ ጊዜ የልቡ ትርታም ስሜቱም ሊታወክ ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስትሮክ ሕሙማንን ተከታትለው ድብርት በእነርሱ ላይ ምን ያህል እንደሚበዛ አሳዩ። ዛሬ የሚታወቀው ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በዚህ ድብርት እንደሚያዝ ነው። በ1993 ባወጡት ጥናት፣ ድብርት የያዛቸው ሕሙማን በዐሥር ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ካልያዛቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በ2008 ደግሞ ከጣሊያን ሐኪሞች ጋር ሆነው፣ ከስትሮክ በኋላ ድብርት የያዛቸው ሰዎች የልብ ምት መለዋወጥ ድብርት ከሌለባቸው የስትሮክ ሕሙማን ያነሰ መሆኑን አስታወቁ።

ይህ ማለት ድብርቱ የልብን ምት አዳከመው ወይስ የተጎዳው አንጎል ሁለቱንም አመጣቸው? ጥናቱ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን እንጂ የትኛው የትኛውን እንደወለደ አይወስንም። ለቤተሰብ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው። የእኚያ አባት ሐዘን በሥጋቸው ውስጥ፣ በደም ሥራቸው ትርታ ላይ ሳይቀር ዱካ ሊኖረው የሚችል ሕመም ነው። አል-በልኺ "ሁለተኛው ሐዘን" ያለውን የሚያስታውስ ነው።

ሐዘን የኢማን ማነስ ነውን?

ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ምክንያት ዓይናቸው እስኪጠፋ አላዘኑምን? ውዱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃን (ረ.ዐ) እና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት "የሐዘን ዓመት" ተብሎ አልተጠራምን? ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አላነባምን? ከእነርሱ የበለጠ ኢማን ያለው ማን ነው? መታከምንም ያዘዙን እርሳቸው ናቸው። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድም ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። በሶላት ሰዓት ለሚያለቅስ በሽተኛ ይህን ማስታወስ፣ ውዱእ ማስደረግ፣ ካልሆነም ተየሙም ማገዝ ከተግሣጽ ይሻላል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ጥቂት ነገር አደራ እንበልዎ።

በሽተኛው አንደበቱ ተይዞ ሐዘኑን መናገር ላይችል ይችላል፤ ስለዚህ አድራጎቱን ይከታተሉ። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማልቀስ፣ ይወደው ከነበረው ነገር ሁሉ መራቅ፣ እጅና እግሩን ለማፍታታት የታዘዘውን እንቅስቃሴ እምቢ ማለት ለሁለት ሳምንት ያህል ከዘለቀ ለሐኪሙ ይንገሩ። "መሞት ይሻለኝ ነበር" ዓይነት ቃል ከሰሙ አንድ ቀንም አያሳድሩ፤ ብቻውንም አይተዉት።

ለድብርቱ መድኃኒት አለ፤ የምክር ሕክምናም አለ። ነገር ግን መድኃኒቶቹ የየራሳቸው ጉዳት ስላላቸው፣ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋርም ሊጋጩ ስለሚችሉ ከጎረቤት ተውሰው አይስጡ። ሐኪም ይዘዝ። ቁርኣን ይቀራለት፤ ሩቅያም ይደረግለት፤ የደም ግፊት መድኃኒቱ ግን በዚህ ምክንያት አይቋረጥ።

ትርታውንም ይዳስሱ። ቀደም ብለን ያነሳነው መለዋወጥ በመሣሪያ የሚታይ ረቂቅ ነገር ነው። በጣት የሚታወቅ፣ ፈጽሞ ሥርዐት የሌለው ትርታ ግን ሌላ ነው፤ በልብ ውስጥ ደም እንዲረጋና ስትሮክ እንዲመጣ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ትርታ ካገኙ፣ በጤነኛ ሰው ላይም ቢሆን፣ ልብ እንዲመረመር ያድርጉ።

ከሁሉም በላይ አባትን ከአባትነት ወንበራቸው አያንሷቸው። ልጅ ሲዳር ይማከሩ፤ ዘካ ሲወጣ ይጠየቁ፤ የዒድ እርድ ሲደረግ በቦታው ይገኙ። መልሳቸው ቢዘገይም ይጠበቁ። ጠያቂው በመጀመሪያው ሳምንት ጎርፎ በሦስተኛው ወር ደጁ ጭር ሲል ነው ሐዘኑ የሚበረታው። ለጥየቃ የሚሻለው ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

የጥንቶቹ ጠቢባን የነበራቸው መሣሪያ ጣታቸው ብቻ ነበር። ጣታቸውን ሲያሳርፉ ግን አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ዝም ብለው ያዳምጡም ነበር። ዛሬ የአባትዎን እጅ ሲይዙ ትርታውን መቁጠር ባይችሉ እንኳ እጁን ይዘው ይቆዩ።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ ያዘኑትን ልቦች ያረጋጋልን፤ አስታማሚዎችንም ብርታትና ምንዳ ይስጥልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።